ለፊንቾቼ ሆድ የተስማማው እህል፦ በደብረ ብርሃን እህል ተራ ስላለች አንዲት መደብ

ቤቴ ውስጥ ዜብራ ፊንች የሚባሉ ሦስት ትናንሽ ወፎች አሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚበሉትን ጥሬ በሙሉ የምገዛው በደብረ ብርሃን እህል ተራ፣ ጤፍ ከሚሸጥበት ረድፍ ጫፍ ላይ ካለች አንዲት መደብ ነው። መደቧ ስምም ሆነ ሰሌዳ የላትም፤ ባለቤቷንም የማውቃቸው እንደ ደንበኞቻቸው ሁሉ «እትዬ» ብዬ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው በከተማችንና በአካባቢው ወፍ የሚያሳድጉ ሰዎች፣ በተለይም ወፎቻቸው በሆድ ሕመም እየተመላለሱ የሚታመሙባቸው፣ ወደ መድኃኒት ከመሮጣቸው በፊት እህሉን እንዲመረምሩ ስለምፈልግ ነው። መደቧን አጥብቄ የማመሰግንባቸው ነገሮች አሉ፤ ሁለት ቅሬታዎችም አሉኝ።

ዜብራ ፊንች የአውስትራሊያ ወፍ ነው። በዚያች አገር ደረቅ ሣር ምድር በመንጋ እየተዘዋወረ በአብዛኛው የሣር ፍሬ ይለቅማል። ወንዱ በጉንጩ ላይ ባለው ብርቱካናማ ቀለምና በደማቅ ቀይ ምንቃሩ፣ ሴቷ ደግሞ በግራጫ ላባዋና ፈዘዝ ባለው ምንቃሯ ይለያሉ። የአንዱ ወፍ ክብደት 12 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢመዘን ከሚኖረው ክብደት ብዙም አይለይም። እንዲህ ያለ ትንሽ አካል በውስጡ የሚያስቀምጠው ስንቅ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ፊንች በሕይወት ለመቆየቱ ዋስትና የለውም። በግ ወይም ላም ለያዘ ሰው «ዛሬ ደከም ብላለች፤ ነገ እናያታለን» ማለት የተለመደ ነው፤ ለፊንች ግን ነገ ብዙ ጊዜ የረፈደ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ወፎቼ አራት ነበሩ። በዚያን ጊዜ የምሰጣቸው መኖ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የገዛሁት፣ በላስቲክ የታሸገና የተለያየ ጥሬ የተቀላቀለበት ነበር። ላስቲኩን ስከፍት እንደ እርጥብ ምድር ቤት ያለ ሽታ እንደነበረው በደንብ አስታውሳለሁ፤ ከታችም ብናኙ ተጠራቅሞ ነበር። ሽታው ጥርጣሬ ቢያሳድርብኝም የታሸገ ነገር የተመረመረ ነው በሚል እምነት መስጠቴን ቀጠልሁ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከድና ከጎጆው ጥግ መቀመጥ ጀመረች። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በኩስ ተጣብቆ ነበር፤ ከአንገቷ በታችም፣ እህሉ ወደ ጨጓራ ከመውረዱ በፊት የሚጠራቀምበት ከረጢት ተነፍቶ ይታይ ነበር። ከምንቃሯ የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ቦካ ሊጥ ይሸት ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የተፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ወደሚሸጥበት አንድ ቤት ሄጄ የወፏን ሁኔታ ብነግራቸው፣ ወፏን ሳያዩና ኩሱንም ሳይመረምሩ ለዶሮ የሚሰጥ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ወፍ ሞተች፤ አንዱ ወንድም የእርሷን ምልክቶች ማሳየት ጀመረ። በመጨረሻ ኩሱንና የተረፈውን መኖ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድሁ፤ ሐኪሙም በማይክሮስኮፕ አይቶ በኩሱ ውስጥ ከመጠን በላይ የተራባ የእርሾ ዓይነት ፈንገስ እንዳለ ነገረኝ። ይህ ፈንገስ በጤነኛ ወፍ ሆድ ውስጥም በጥቂቱ ሊገኝ እንደሚችል፣ ነገር ግን በጎዎቹ ባክቴሪያዎች ሲዳከሙ ቦታውን እንደሚወርስ፣ አንቲባዮቲኩም እነዚያኑ ባክቴሪያዎች ስለገደለ ፈንገሱን እንጂ ወፎቹን እንዳልረዳ በትዕግሥት አስረዳኝ። የፈንገሱን መድኃኒት በወፉ ክብደት ልክ ለክቶ በጠብታ ሰጠን፤ የሻገተውንም መኖ ወዲያው እንድጥል አዘዘ። ወንዱ ዳነ። የሞተችውን ወፍ ግን ዛሬም ሳስባት የማዝነው፣ የሚያሽት አፍንጫ እያለኝ ያሸተትሁትን ችላ በማለቴ ነው።

ወደ እህል ተራ የወጣሁት በዚሁ ሳምንት ነው። በዚያ ረድፍ ያሉ ነጋዴዎች ለወፍ እንደምፈልግ ስነግራቸው አብዛኞቹ የሰጡኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከወንፊት የተረፈውን ግርድ በርካሽ እንድወስድ መከሩኝ። እትዬ ብቻ ናቸው የተለየ ነገር የተናገሩት።

«መምህር፣ ግርዱንማ ለዶሮ ነው የምንሰጠው፤ ዶሮዋም ብትሆን ያማታል። ለእነዚህ ጣት ለሚያክሉት እንዴት ይሰጣል?» አሉኝ። ቀጥለውም የወፎቹን አፍ መጠን በጣቴ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ካሳየኋቸው በኋላ ገብሱንና ማሽላውን ወደ ጎን ትተው ዳጉሳና ጤፍ በሰፌድ ላይ አፈሰሱ።

የዚህች መደብ ዋና ብልጫ ይህ ሰፌድ ነው። እህሉ ከጆንያው ተዝቆ በቀጥታ ወደ ገዢው ከረጢት አይገባም። መጀመሪያ በሰፌድ ይበጠራል፣ ብናኙና ገለባው ይወጣል፤ ጤፉ ደግሞ በደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ አፈሩ ከሥር ይቀራል። ገዢው ጥርጣሬው እስኪጠፋ ድረስ እህሉን በእጁ እንዲዘግን፣ እንዲያሸት፣ በጥርሱ እንዲሰብር ይፈቀድለታል። በደንብ የደረቀ ዳጉሳ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ እርጥበት ያለው ግን ይጨፈለቃል። ይህንን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ አሁን ከማንም ስገዛ የመጀመሪያ ፈተናዬ ይኸው ሆኗል።

ስለ ዓይነቱ ጥቂት በዝርዝር ልናገር፤ የወፍ ሆድ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ፊንች ልጣጭ ያለውን ፍሬ በምንቃሩ ፈልፍሎ ውስጡን ብቻ ይውጣል። ስለዚህ ልጣጭ ባለው ጥሬ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ከሞላ ጎደል ከልጣጩ ጋር ይወድቃል። ጤፍ ግን ልጣጭ የለውም፤ ወፉ እንዳለ ይውጠዋል። በላዩ ያለው አፈር፣ የሻጋታ ብናኝ፣ የአይጥ ርኩሰት ሁሉ አብሮ ይገባል። ለሰው የሚሆነው ጤፍ ተፈጭቶ፣ ቦክቶና በምጣድ ተጋግሮ ስለሚበላ ትንሽ እንከን ቢኖርበት እሳቱ ይረዳዋል፤ ወፉ ግን የሚበላው ጥሬውን ነው። በዚህ ምክንያት ለወፍ የሚገዛ ጤፍ ለእንጀራ ከሚገዛው ይበልጥ ንጹሕ መሆን አለበት እላለሁ። ቀለሙ ግን ምንም ለውጥ አያመጣም፤ የምንጃሩን ማኛ ለሰው ትቶ ሰርገኛውን ወይም ቀዩን መግዛት ይበቃል።

ከሁሉ የምመርጠው ዳጉሳን ነው። መደቧ የምትሸጠው ከጎጃም የሚመጣውን ነው። ዳጉሳ በማከማቻ ውስጥ በነቀዝ በቀላሉ አይበላም፣ ለረጅም ጊዜም ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ መጠኑም ለዜብራ ፊንች ምንቃር የተሰፈረ ይመስላል። ከምሰጣቸው ጥሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዳጉሳ ነው፤ ቀሪው ጤፍና ጥቂት ኑግ ነው። በአካባቢያችን በብዛት የሚገኘው ገብስ ለእነዚህ ወፎች ትልቅ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣው ማሽላም ቢሆን ካልተከካ አይሆናቸውም። ሁለቱን ሞክሬ የሳህኑን ጠርዝ ከማቆሸሽ በቀር ያገኘሁት ጥቅም አልነበረም።

ኑግን በተመለከተ ብዙ የምለው አለ። ይህ የአገራችን የዘይት እህል በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ የሚታወቀው ከዘይትነቱ ይልቅ በወፍ ምግብነቱ ነው። የዱር ፊንቾችን ወደ ግቢያቸው ለመሳብ የሚፈልጉ ሰዎች፣ ኑግ ብቻ እንዲወጣ ተደርገው የተሠሩ ጠባብ ቀዳዳ ያላቸው መመገቢያዎችን ይሰቅላሉ። እኛ በልጅነታችን በቆሎና ሱፍ እየቆረጠምን ያደግን ሰዎች ኑጉን ለወፍ መስጠቱ እንግዳ ነገር ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ዝናው በከንቱ አልመጣም፤ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚበልጠው ዘይት ነው። በብርድ አገር ለሚኖር ትንሽ ወፍ ይህ ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ሲወርድ ወፎቼ ላባቸውን ነፍተው ተጠጋግተው ያድራሉ። በእነዚህ ወራት የኑጉን መጠን ከጠቅላላው ጥሬ ከአሥር እጅ አንዱ እጅ እንዲሆን አደርጋለሁ፤ በበልግና በክረምት ግን ከዚያ ግማሽ አይበልጥም። ኑግ የበዛበት ወፍ ይሰባል፣ ጉበቱም ስብ ይይዛል። ከዚህም በላይ ወፎቹ ኑጉን እየመረጡ ሌላውን ይተዋሉ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እትዬ በራሳቸው ፈቃድ የሚያዘጋጁት ድብልቅ አለ፤ ለወፍ መሆኑን ሲሰሙ ከፍቅር የተነሣ ኑጉን ያበዙታል። ሦስት ጣሳ ዳጉሳና ጤፍ ላይ አንድ ጣሳ ኑግ ሲጨምሩ አይቻለሁ። ይህ እንደ ካናሪ ላሉ ወፎችም ቢሆን የበዛ ነው፤ ለዜብራ ፊንች ደግሞ በጣም ይበዛል። ስለዚህ ድብልቁን አትግዙ፤ ሦስቱን ለየብቻ አስመዝኑና ቤታችሁ ቀላቅሉ። ኑጉን ስትገዙ ጥቂት ፍሬ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቁት። ትኩስ ኑግ ወረቀቱ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ይተዋል፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ የቆየው ግን ይደርቃል ወይም እንደ አሮጌ ዘይት ይሸታል። እንዲህ ያለው ዘይት ለሆዳቸው መጥፎ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከባድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጆንያዎቹ ከሲሚንቶው ወለል በላይ ምንም ሳይነጠፍ ይቀመጣሉ። ሲሚንቶ በክረምት እርጥበት ያስተላልፋል፤ የጆንያው የላይኛው እህል ደረቅ ሆኖ ሳለ የታችኛው ሊሻግት ይችላል። ባለፈው ነሐሴ ከጆንያ ግርጌ የተዘቀ ጤፍ ለመግዛት ስጠይቅ በእጄ ስዘግነው እየተጓጎለ ወጣ። ለእትዬ ብነግራቸው ሳይቆጡ መለሱት፤ ከሌላ ጆንያም አፍሰው ሰጡኝ። ከጆንያው ሥር እንጨት እንዲያደርጉ ሁለት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ፤ እስካሁን አልተደረገም። ሻጋታ የሚያመርታቸው አንዳንድ መርዞች፣ በተለይም አፍላቶክሲን የሚባለው፣ በማጠብም ሆነ በፀሐይ በማስጣት አይጠፉም፤ ዋና ጉዳታቸውም በጉበት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ግራም ለምትመዝን ወፍ ጥቂቱ መርዝ ብዙ ነው። ስለዚህ በክረምት የምትገዙ ከሆነ ከጆንያው አፍ እንዲዘቅላችሁ ጠይቁ፤ ከሳምንት ፍጆታም በላይ አትግዙ።

መደቧ የማትሰጠው ነገር አለ፤ ይህ ግን ጉድለት አይደለም። መድኃኒት አይሸጥባትም። ወፍ ታሞብኛል ብዬ ባማክራቸው እትዬ የሚሰጡኝ ምክር «ሐኪም ዘንድ ውሰዳት» የሚል ብቻ ነው። ከደረሰብኝ በኋላ ይህን መልስ እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ። ያልተፈጨ ጥሬ ከኩስ ጋር ሲወጣ፣ ወይም ወፉ በደንብ እየበላ የደረቱ አጥንት እንደ ቢላዋ እየሾለ ሲሄድ መንስኤው እርሾ፣ ኮክሲዲያ፣ ወይም ሌላ ጥገኛ ተሐዋሲ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም የተለየ መድኃኒት አለው። በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም። የጤነኛ ፊንች ኩስ ሦስት ነገሮች አሉት፤ ጠቆር ያለ ጠጣር ክፍል፣ ነጭ ክፍልና ጥቂት ጥርት ያለ ውኃ። ጠጣሩ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነና መጠኑ ካነሰ ወፉ እየበላ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ በየማለዳው ከጎጆው ወለል ላይ ነጭ ወረቀት እያነጠፍሁ ማታ እመለከታለሁ።

የሳህኑ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፊንቾች የዳጉሳውን ልጣጭ ሳህኑ ውስጥ መልሰው ስለሚጥሉ ሳህኑ ሙሉ ይመስላል፤ ከሥር ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ልጣጩን እፍ ብሎ ማንሣት የግድ ነው። ለአንድ ወፍ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ውኃው በየቀኑ መቀየር፣ ዕቃውም መታጠብ አለበት፤ ኩስ የገባበት ውኃ ከእህሉ ባልተናነሰ ያሳምማቸዋል።

ከእትዬ እህል ያገኘሁት ሌላው ጥቅም ማብቀል መቻሌ ነው። የታሸገው መኖ በውኃ ሲነከር አብዛኛው ፍሬ አይበቅልም ነበር፤ ይህም ለእኔ አሁን ግልጽ የሆነ የእርጅናው ምልክት ነበር። የመደቧ ዳጉሳና ጤፍ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይበቅላል። አሠራሩ ለጠላ ብቅል ለሚያዘጋጅ ቤት አዲስ አይደለም። አንድ ማንኪያ ዳጉሳ ሌሊቱን ተነክሮ ያድራል፤ ጠዋት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በወንፊት ላይ ይዘረጋል፤ ጠዋትና ማታ እየታጠበ ነጭ ጫፍ እንዳወጣ ለወፎቹ ይሰጣል። ከብቅል የሚለየው ታፍኖ አለመቀመጡ ነው፤ በጉሎ ቅጠል ወይም በኮባ ተሸፍኖ የሚሞቅ ብቅል ለጠላ መልካም ነው፣ ለወፍ ግን ሻጋታ ይጋብዛል። ትንሽ የኮመጠጠ ሽታ ከተሰማችሁ ሳትራሩ ጣሉት፤ ሳህን ውስጥ ከገባም ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይ።

ለካልሲየም የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት አድርቄ አደቅቅላቸዋለሁ፤ ከውጭ የሚመጣውን፣ ከትልፊሽ ከሚባል የባሕር እንስሳ የሚገኘውን የባሕር አጥንት አልፈለግሁም። አረንጓዴ ነገር ጥቂት በጥቂት ነው፤ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጊዜ ሰላጣ አብዝቼ ሰጥቻቸው ኩሳቸው ውኃ ሆኖ ነበር፤ ሳቆምላቸው በማግሥቱ ተስተካከለ። አቮካዶ፣ ጨውና ቡና ፈጽሞ ወደ ጎጆው አይቅረቡ። ከሁሉ የሚወዱት ግን ከግቢ የምቆርጥላቸውን ገና እሸት የሆነ የሣር ዘለላ ነው። በአንኮበር ገደላማ አፋፍ የሚኖረውና በሳይንስ የታወቀው በ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የሆነው የአንኮበር ሴሪን የሚባለው ወፍም ከፊንቾች ወገን ነው፤ እርሱን ባየሁ ቁጥር ለእኔዎቹም የሣር ዘለላ መቁረጥ ትዝ ይለኛል። የዱር ወፍ ይዞ ጎጆ ውስጥ መክተት ግን ለዱሩም ለቤቱም ወፍ ጉዳት ነው፤ ከዱር የመጣ ወፍ ተሐዋሲ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

ወፍ ከታመመባችሁ ሐኪም እስክታገኙ ድረስ ሙቀት ስጡት። እኔ የታመመውን ወንድ ለብቻው አድርጌ ከጎጆው ውጭ በአንድ ወገን 40 ዋት አምፖል አስቀምጬለት ነበር፤ ሲሞቀው ወደ ሌላው ወገን መሸሽ እንዲችል ነው በአንድ ወገን ያደረግሁት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ አስጠጋሁለት። እህሉንና ውኃውንም አጠገቡ አደረግሁ፤ የታመመ ወፍ ወደ ላይ መብረር አይችልምና።

ከዚያ መስከረም ወዲህ ከሰላጣው ጊዜ በቀር በአንዳቸውም ላይ የሆድ ሕመም አላየሁም። ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ እህል ተራው ከመጨናነቁ በፊት እትዬ ለማበጠር ጊዜ አላቸው። ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሳቸው የሚሰጡት ስስ ላስቲክ ነው፤ እህሉም በላስቲክ ውስጥ ያልበዋል። ከጆንያው ሥር እንጨት እንዲደረግም ጠይቁልኝ፤ ከአንድ ሰው ይልቅ ብዙ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ያደርጉት ይሆናል።